ሞላውን ያሰርኩበት ክረምት

ሐምሌ 3 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ዘይት የተቀየረበትን፣ ግራሶ የተቀባበትን ቀን ልጽፍበት። ሦስት ገጽ ሳልሞላ የራሴን ነገር ማስገባት ጀመርኩ። ይሁን።

ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ጠነከረ። ከግቢያችን በላይ ለሕንፃ ተብሎ ተቆፍሮ የተተወ ቦታ አለ፤ አፈሩን በሙሉ ወደ እኛ ያወርደዋል። ጠዋት ስገባ ከታችኛው በር እስከ ክሊኒኩ ደጃፍ ያለው መንገድ ጭቃና ጠጠር ለብሶ ይጠብቀኛል። አርባ አንድ አረጋውያን የሚኖሩበት ግቢ ነው፤ መኪና የሚገባበት ሌላ መንገድ የለውም።

ያንን መንገድ ክፍት ማድረግ የእኔና የጋሽ ጉተማ ሥራ ነው። በበጋ በትንሿ ትራክተር ሣር እናጭዳለን። ክረምት ሲመጣ ማጨጃውን አውርደን ከፊቷ ምላጩን እንገጥማለን። ምላጭ የምንለው ጭቃ የሚገፋውን ሰፊ ብረት ነው። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሳቸው እንነዳለን።

ጋሽ ጉተማ ስድሳ ሊሞላቸው ነው። ይህ ግቢ ድሮ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ሰማዩ ሳይጠቁር ይነግሩኛል። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

እስከ ስምንት ሰዓት ዝናብ አልነበረም። ጋሽ ጉተማ ምላጩን አስወረዱኝና አጠብነው። ከሥሩ የታሰረው መቁረጫ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ፈትተን ገልብጠን አሰርነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ግራሶ ቀባን። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ከጀርባው ያሉትን ሁለት ጥምዝምዝ የብረት ሞላዎች በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

"ይሄ ለምን እንደ ተሠራ ነግሬሽ አውቃለሁ?"

"አሥር ጊዜ።"

"አሥራ አንደኛውን ስሚ።"

ምላጩ የማይነቃነቅ ነገር ሲገጥመው ራሱ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ እንቅፋቱን ካለፈ በኋላ ሞላዎቹ ስበው ያቆሙታል።

"ሞላው ባይኖር ያ ሁሉ ምት የት ይሄዳል?" አሉኝ።

"ትራክተሯ ላይ።"

"ትራክተሯ ብረት ናት፣ ምን ትሆናለች። የተቀመጠው ሰው ላይ ነው።"

ሲያስሉ ዋሉ። ጉንፋን ይዟቸዋል።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ከሴቶቹ ክፍል አንዲት እናት ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንሱ መጥቶ ታችኛው በር ላይ ቆመ። መግባት አልቻለም።

ጋሽ ጉተማ በጉንፋኑ ቀርተዋል፤ እኔ ነበርኩ ትራክተሯ ላይ። የዛሬው ጎርፍ ያመጣው ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የራስ ቅል የሚያካክል ድንጋይ ነው። ምላጩ በነካው ቁጥር ያጎነብሳል፤ የገፋሁት ክምር በላዩ አልፎ ይቀራል። ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ያጎነብሳል። ሰው ሁሉ እያየኝ። በመጨረሻ ጥበቃዎቹ ሴትዮዋን በብርድ ልብስ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ አወጧቸው። ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ይተርፋሉ ተብሏል።

ነርሷ ሲስተር ሪሐና ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኖ አጠገቤ ቆመች። "ትሩፋት፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ሃያ ደቂቃ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?"

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሚሳኤል ለሷ ሲነግሯት ደግሞ በመስኮት ሰማሁ፦ "ለአንድ መንገድ ሁለት ሰው ቀጥረን!"

ሃያ ደቂቃ። ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት ረጃጅም ቡሎን አገኘሁ። ምላጩንና ፍሬሙን አንድ ላይ በሚይዘው ቀዳዳ ልክክ ብለው ገቡ። ዳዶውን አጠበቅሁት። አሁን አያጎነብስም። ድንጋዩንም ጭቃውንም አንድ ላይ ጠርጎ ይሄዳል።

ለዛሬ ብቻ ነው። ጋሽ ጉተማ ሲመጡ ይፈታል።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ጋሽ ጉተማ ገና አልተሻላቸውም። የሳቸውንም ተራ እኔ ይዣለሁ።

መንገዱ በሠላሳ ደቂቃ አለቀ። አቶ ሚሳኤል ጃንጥላቸውን ይዘው ወጥተው "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። አንድ ሁለቴ ድንጋይ ገጠመኝ፤ መሪው እጄን ነዝሮኛል። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ቀስ ካሉ ምንም የለውም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጋሽ ጉተማ ተሽሏቸው ገቡ፤ አጥሩን ሲጠግኑ ዋሉ። ለመፍታት አስቤ ነበር። ዝናቡ ፋታ አልሰጠም፤ ምላጩም በጭቃ ተለብጧል፤ ማጠብ ይጠይቃል። ነገ እረፍቴ ነው፣ እህቴ ሳሪስ ቤት እየቀየረች ስለ ሆነ ዕቃ አግዛታለሁ። ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጋሽ ጉተማ ወደቁ።

አምስት ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ታክሲ የለም፣ ዝናብ። ስደርስ ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ትራክተሯ የቆመችበት ቆማ በዝናብ ትደበደባለች። ወደ መጠለያዋ አስገባኋት።

ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሯል። ግንባራቸው ተተርትሮ ስድስት ቦታ ተሰፍቷል።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ በመጠኑ ልጽፍ እችላለሁ።

የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ያለበት ሲሚንቶ በጭቃው ተሸፍኖ ኖሯል። ጎርፉ ሥሩን ቦርቡሮት ከመሬት ብቅ ብሎ ነበር። ምላጩ እሱን ገጨው። ጥበቃው እንደሚለው ትራክተሯ "ቀጥ" ብላ ቆመች፣ ጋሽ ጉተማ ግን አልቆሙም። በመሪው ላይ አልፈው በጎን ወደቁ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሚሳኤል ከውጭ መካኒክ አምጥተው አስመረመሩ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መካኒኩ ሞላዎቹን ሳባቸው፣ ለቀቃቸው። ምላጩ አጎነበሰ፣ ተመለሰ።

"ጤነኛ ነው" አለ። "መታጠፍ ነበረበት። ሰውየው በፍጥነት ካልነዱ በቀር እንዲህ ያለ ምት አይደርስም።"

"ዕድሜም አለ" አሉ አቶ ሚሳኤል።

"ዕድሜም አለ።"

ሲያዩት ምላጩ ላይ ከሞላዎቹ በቀር ምንም አልነበረም። እኔንም የጠየቀኝ የለም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

በረንዳ ላይ ፀሐይ ከሚሞቁት መካከል አባባ መኩሪያ የሚባሉ አሉ። የድሮ አናጢ ናቸው፤ አሁን የራሳቸውን ልጅ ስም ይረሳሉ። መስኮታቸው ከትራክተሯ መጠለያ ፊት ለፊት ነው።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ ሲስተር ሪሐና መድኃኒት እየሰጠቻቸው። "ሰውየው የወደቀ ለታ በዚያ ዝናብ ምን ነበር የምትቀጠቅጪው? የጎበጠ ብረት ከቀዳዳው ሲወጣ ድምፁን አውቀዋለሁ።"

ሲስተር ሪሐና ሳቀች። "አባባ፣ ደግሞ ጀመሩ! መዶሻ የያዘ ሰው የለም። ሰሞኑን በጣም ነው የሚቀባዥሩት" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

አባባ መኩሪያ እኔን አዩኝ። እኔ አካፋዬን አነሳሁ።

ቡሎኖቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ለምን እንዳልጣልኳቸው አላውቅም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ጋሽ ጉተማን ልጠይቅ ወደ ላፍቶ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። እጃቸው በጄሶ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ደራርቱ በማንኪያ ሊያጎርሷቸው ሲሉ በግራቸው ገፋ አደረጓቸው።

"በዚህ ዕድሜው ትራክተር!" አሉኝ እትዬ ደራርቱ። "ስንት ጊዜ ነገርኩት። አሁን የሞተር ሳይክሉንም ቁልፍ፣ የጓሮውን መጋዘንም ቁልፍ ደብቄበታለሁ። መሰላል እንኳ አላስወጣውም።"

  እትዬ ደራርቱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጋሽ ጉተማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"ትሩፌ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ይሆን? ያስገባሁት ሁለተኛ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ባላውቅም... ሊሆን ይችላል" አልኳቸው።

ሊሆን ይችላል አልኩ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የጾሙ ሦስተኛ ቀን። ጾምኩ ለማለት ያህል ነው እንጂ፣ ሳልጾምም ቢቀርብልኝ አልበላም።

ምላጩን በየጠዋቱ አጥቤ ሞላዎቹን አያለሁ። ድንጋይ ሲነካ ያጎነብሳል፣ እኔም አብሬው እደነግጣለሁ። መንገዱ በሃምሳ ደቂቃ ያልቃል። አንድ ሰዓት ቀድሜ ከገባሁ ደግሞ አምቡላንስ ቢመጣም ይደርሳል። ይኼው ነበር መላው። አንድ ሰዓት ቀድሞ መግባት።

ሪፖርቱ ወጥቷል። "በፍጥነትና በጥንቃቄ ጉድለት።" የጋሽ ጉተማ ውል ጳጉሜን ላይ ያበቃል፤ አይታደስም። አቶ ሚሳኤል ወረቀቱን ለፋይል ሲሰጡ "የሚያሳዝን ነው፣ ግን ሰው ቢገድሉስ ኖሮ?" አሉ። ልክ ናቸው። ሰው ቢሞትስ ኖሮ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጋሽ ጉተማ ዛሬ መጡ። ወረቀት ሊፈርሙ ነው የተጠሩት። በግራ እጃቸው እንደ ሕፃን ጫጭረው ፈረሙ። ትራክተሯ አጠገብ አልሄዱም። በሩቅ በኩል ዞረው ወደ እኔ መጡ።

"አልተሟገትኩም" አሉኝ። "ምን ብዬ ልሟገት? ሞላው ጤነኛ ነው ብሏል መካኒኩ። አንቺንም የዚያን ቀን ጠዋት ደውዬ ጠይቄሻለሁ፤ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው ብለሽኛል። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

"ይንቀጠቀጣል? እውነቱን ንገሪኝ። ደራርቱ ይንቀጠቀጣል ትለኛለች።"

አይንቀጠቀጥም ነበር። እንደ ድንጋይ የረጋ ነው።

"አይንቀጠቀጥም" አልኳቸው።

"ስለምታዝኚልኝ ነው" ብለው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ መንገዱን ለማሻገር ጥበቃው ክንዳቸውን ያዛቸው፤ ያዙኝ ሳይሉት። እሳቸውም አላስለቀቁትም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከሥራ በፊት፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ እየጻፍኩ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እየዞርኩት ነው የኖርኩት። በግልጽ ልጻፈው።

ሐምሌ 12 ሞላውን በሁለት ቡሎን አሰርኩ። አሥር ቀን እንደ ታሰረ ነዳሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ጉተማ ደውለው "ጎርፉ ክሊኒኩ ደጅ ደርሷል፤ ምላጩን አይተሽዋል? ለማጠብ ጊዜ የለኝም" አሉኝ። እኔ እህቴ ቤት ሶፋ በአንድ ጫፍ ይዤ ደረጃ ላይ ነበርኩ። ቡሎኖቹ ትዝ አሉኝ። "አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" አልኩ። ረስቼ አይደለም። ከነገርኳቸው ይቆጡኛል ብዬ ነው። ይቆጡኛል ብዬ!

ስደርስ ሰው ሁሉ ከሳቸው ጋር ሄዷል። ትራክተሯን አስገባሁና ቡሎኖቹን ፈታሁ። አንዱ ጎብጦ አልወጣ ስላለ በመዶሻ መታሁት። አባባ መኩሪያ የሰሙት እሱን ነው።

ተራዬ ደርሷል።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

ላፍቶ ስደርስ ደጃፍ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሰላምታውን እንኳ አልጨረስኩም።

"ጋሼ፣ እርስዎ አላጠፉም። ሞላውን አስሬው ነበር።" የጎበጠውን ቡሎን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

በግራ እጃቸው ተቀበሉት። አገላብጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው የጎበጠበትን ቦታ ዳበሱት። አንድ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

"ስንት ቀን?"

"አሥር ቀን።"

"ስደውልልሽስ?"

"አውቅ ነበር።"

"ማን ፈታው?"

"እኔ። እርስዎን ሆስፒታል እንደ ወሰዱዎት።"

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ስለ ስብራቱ ይቆጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

"እኔ እኮ" አሉ፣ "እኔ እኮ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ራሴን ስመረምር ነው የከረምኩት። ውሃ ስቀዳ እጄን አያለሁ። ደረጃ ስወጣ እግሬን እቆጥራለሁ። አለቀልኝ ብዬ። እያየሽኝ! እዚሁ ብርቱካን ይዘሽ መጥተሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሊሆን ይችላል አልሽኝ!"

መሬት መሬት እያየሁ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ተይ፣ እሱን አሁን አታንሺው። ደራርቱ ከገበያ እስክትመጣ ተቀመጪ። ለሷ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ሥራ ቦታ ያሉትን በኋላ። በገዛ ቤቴ ሽማግሌ የተባልኩት እዚህ ነው።"

አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። እትዬ ደራርቱ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲገቡ ቆሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አልጮሁም። ሽንኩርቱን ከዘንቢሉ አውጥተው አንድ በአንድ ደረደሩ። ከዚያ፦

"ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"የምትጦሪው?"

"የለም።"

"ታዲያ ለማን ብለሽ ነው?"

 መካኒሳ ቤቴ ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ ጥያቄያቸው አብሮኝ መጣ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

አቶ ሚሳኤል ቢሮ። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጌ፣ ጋሽ ጉተማ የመለሱልኝን ጨምሮ ሁለቱንም ቡሎን ከወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቴ አነበቡት። ከሥራ እንደሚያስወጡኝ ጠብቄ ነበር፤ የሚወሰነው በኋላ ነው አሉ።

"ሃያ ደቂቃ ቆየሽ ስላልንሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ብል ቀለል ይለኝ ነበር። "በሱ ጀመርኩት" አልኩ፤ "የቀረው ግን የኔ ነው።"

ከዚያ በረንዳ ሄጄ አባባ መኩሪያ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ሲስተር ሪሐና እንድትሰማ ጮክ ብዬ "አባባ፣ መዶሻ ሰምቻለሁ ያሉት እውነት ነበር። የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አልቀባዠሩም" አልኳቸው።

አባባ መኩሪያ በደግነት አዩኝ። "የምን መዶሻ ነው፣ ልጄ?"

እንደገና ነገርኳቸው። እንደገናም ጠየቁኝ። ሲስተር ሪሐና ግን ሰማች። የመድኃኒቱን ሳህን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ተወሰነ። ሪፖርቱ ተሰርዟል፤ የጋሽ ጉተማ ውል ይታደሳል። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፤ የትራክተሯ ቁልፍ ለስድስት ወር እጄ አይገባም። በአካፋ ቦይ እጠርጋለሁ። ጋሽ ጉተማ እስኪመጡ ትራክተሯን አንድ ጥበቃ ተለማምዶ ይነዳታል። ምላጩን በየጠዋቱ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ሞላው ለምን እንደ ተሠራ እነግረዋለሁ። ትናንት "ነግረሽኛል እኮ" አለኝ።

ለጋሽ ጉተማ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሱም።

መስከረም 8 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ጄሶው ከተፈታላቸው ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ዛሬ ሥራ ገቡ። ትናንት ማታ የጣለው ዝናብ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ግን መንገዱን እንደ ሐምሌ አድርጎት አደረ።

ቦዩ ውስጥ ነበርኩ። አላዩኝም ብዬ ነበር። ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም ተባባሉ፤ ከእኔ ጋር አልተባባሉም። መጠለያው ውስጥ ተንበርክከው ምላጩን ከሥር እስከ ላይ ዳበሱ። እኔ ካየሁት በኋላ፣ ጥበቃው ካየው በኋላ፣ እንደ አዲስ። እያንዳንዱን ቡሎን በመፍቻ ሞከሩ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ማንም አላቸኮላቸውም።

ከዚያ ወጥተው ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሳ። ምላጩ ዝቅ አለ። ግን አልሄዱም። ቀኝ እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ፣ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ትሩፋት!"

ትሩፌ አላሉኝም። ከቦዩ ወጣሁ።

"ዘንግ አንሺና ከፊት ሂጂ። አሥር እርምጃ ቀድመሽ። ጭቃውን እየወጋሽ፤ ድንጋይ ካለ እጅሽን አንሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ይቅር ብዬሽ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ዓይን ስለሚያስፈልገኝ ነው።"

ዘንጉን ይዤ ከፊታቸው ገባሁ። ጭቃው ገና የሌሊቱን ብርድ ይዟል። ስወጋ ለስላሳ፣ ስወጋ ለስላሳ። ከኋላዬ ሞተሩ ድምፁን ለወጠና መምጣት ጀመረ፤ ምላጩ መሬቱን ሲልግ በእግሬ ውስጥ ይሰማኛል። በጣም በዝግታ ነበር የሚነዱት። ያን ቀንም እንዲህ ነድተው እንደ ነበር ገባኝ።

ክሊኒኩ ደጅ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ እጄን አነሳሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቆሙ። አንድም ጊዜ ዞሬ አላየሁም።